ወባ ነው አልኳቸው

አሶሳ ውስጥ ትኩሳት ያዘኝ ያለ ሰው ብዙ አይመረመርም። ወባ ነው። ራስ ምታቱም ወባ፣ ቁርጥማቱም ወባ፣ ምግብ አልበላ ማለቱም ወባ። ወባ ካልሆነ ደግሞ ታይፎይድ ነው። እኔም በነርስነት በሠራሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ለስንቱ ሰው እንዲህ እንዳልኩ ቤት ይቁጠረው። አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ትክክል ስላልነበርኩበት አንድ ጊዜ ነው፤ በተለይ እንደ እኔ ነጭ ጋውን ለሚለብሱ፣ ራሳቸውን በራሳቸው ለሚያክሙ።

ስሜ ውባለም ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ሲስተር እንጂ ውባለም የሚለኝ የለም። የተወለድኩት ባምባሲ አጠገብ፣ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ ከመጡ ወላጆች ነው። አሁን አሶሳ ከተማ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል እሠራለሁ። ባለቤቴ ጌቱ በያጅ ነው፤ ግድቡ ላይ ስለሚሠራ በሦስት ወር አንዴ ከመጣ ጥሩ ነው። እኔ ሐጃ አሻ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ።

ሐጃ አሻ ስድሳውን ያለፉ የበርታ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ራቢያ ናት፣ ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። ሐጃ አማርኛን የተማሩት እዚያው ገበያ ውስጥ ስለሆነ እኔን ስድስት ዓመት ሙሉ «አንተ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፤ በኋላ «አንቺ» ቢሉኝ የተቆጡኝ ይመስለኝ ጀመር። ስኳር አለባቸው፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። እኚህ ሴትዮ እባብ በዱላ ሲገድሉ በዓይኔ አይቻለሁ፣ መርፌ ሲያዩ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ራቢያ ደግሞ ከእሳቸው ትብሳለች። ስለዚህ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ማታም ስመለስ፣ የምወጋቸው እኔ ነበርኩ። መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ መድኃኒቱን የምናስቀምጠው በእርጥብ አሸዋ በተከበበች ትንሽ እንስራ ውስጥ ነው።

የኮሮና ክትባት ሲመጣ ቅድሚያ የተሰጠው ለእኛ ለጤና ሠራተኞች ነበር። ሁለቱንም መርፌ ወሰድኩ። ቀጥሎ የአዛውንቶችና የስኳር ሕመምተኞች ተራ ሲደርስ ሐጃ እምቢ አሉ። መካን ያደርጋል ተብሎ ይወራ ነበር። «ሐጃ፣ በዚህ ዕድሜዎ ሊወልዱ አስበው ነው?» ብላቸው ስቀው ስቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ግን ቆም ብለው ጠየቁኝ።

«ይሄን ከተወጋሁ በኋላ እታመማለሁ?»

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ጥፋቴ። ሥልጠና ላይ የጻፍኩት ደብተር ውስጥ በገዛ እጄ ጽሑፍ አለ፤ ክትባቱ ከባድ ሕመምንና ሞትን ይቀንሳል፣ መያዝን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም ይላል። ይህን ለሐጃ ለማስረዳት ረዘመብኝ። ነገር ማሳጠር የክትባት ሠራተኛ ልማድ ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሰው ደግሞ «ግን» የሚል ቃል ከሰማ ጥሎ ይሄዳል ብለን እንሰጋለን። «አንዴ ከተከተቡ ኮሮና እርስዎን አያውቅዎትም» አልኳቸው። እሳቸውም አመኑኝ። አምነውም አልቀሩ፣ ከመስጊዳቸው ሴቶች ሃያ ያህሉን ይዘው መጡ። ለሁለተኛው ዙር የአንድ ወር ጊዜ ሲቀረው ነው እኔ የታመምኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ጭንብላችን አገጫችን ላይ ወርዶ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አራት ሆነን መስኮቷ በማይከፈት ጠባብ ክፍል አንድ ትሪ ከበን እንበላለን። አንዷ ባልደረባችን ስታስነጥስ «ተከትበናል፣ አይዞሽ» እየተባባልን እንሳሳቃለን። ሕመምተኛ አጠገብ አጠገብ ሲቀመጥ የምንቆጣው እኛው ነን።

ሰኞ ቀን ጀርባዬን ብርድ ብርድ አለኝ። ማታ ትኩሳት መጣ። ማክሰኞ ጠዋት ከመሳቢያዬ የወባ መድኃኒት አውጥቼ ጀመርኩ። የሙያው ሰው ተራ አይጠብቅም፣ ካርድ አያወጣም፤ መሳቢያውን ከፍቶ ይውጣል። ከሰዓት በኋላ ደረሰ የሚባለው የላብራቶሪ ባለሙያችን በሁለት ሕመምተኞች መሀል ጣቴን ወግቶ አየልኝ። ወባ የለም።

«መድኃኒት ጀምረሽ ነው የመጣሽው፤ ሸፍኖት ይሆናል» አለኝ።

«እሱማ ነው» አልኩት። ሁለታችንም ደስ አለን፤ የምናውቀው በሽታ ነውና። ሐሙስ ዕለት ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ታይፎይድ ነው ብዬ ሁለተኛ መድኃኒት ጨመርኩበት። ሳል ነበረኝ፣ ግን የመጋቢት አቧራ ማንን ነው የማያስለው? በእነዚህ ቀናት ሁሉ ጠዋትና ማታ ሐጃ ዘንድ እየገባሁ፣ ከፊታቸው ጎንበስ ብዬ፣ ያለ ጭንብል እወጋቸው ነበር። ከወጋኋቸው በኋላ ካልበሉ ስኳራቸው ስለሚወርድ እስኪበሉ ድረስ አብሬ እቀመጣለሁ፤ እኔም አንድ ሁለት እጎርሳለሁ።

ዓርብ ጠዋት እንደ ልማዴ ጥጡን አልኮል ነክሬ ሆዳቸውን ጠረግሁ። ሐጃ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ አፍንጫቸውን ያዙ።

«ዛሬ አልኮል አበዛህ። ቤቱ በሙሉ ሸተተ።»

ጥጡን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ምንም። ጠርሙሱን ከፍቼ አሸተትኩ። ውሃ ነው። ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ የወደቀው ፍሬ ሲበሰብስ ሰንብቷል፤ ራቢያ ሽታው አላስቀመጠኝም እያለች ስታማርር እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም እንዳልሸተተኝ ያኔ ገባኝ። መርፌው እጄ ላይ ነው፣ ሐጃ ሆዳቸውን ገልጠው እየጠበቁ ነው። ትንፋሼን ይዤ ወጋኋቸው። እንዲያ ትንፋሽ መያዜ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ አምስት ቀን ፊታቸው ላይ ስተነፍስ ኖሬ።

ያን ዕለት ጤና ጣቢያ ስደርስ ወደ ክትባት ክፍሌ አልገባሁም፤ ከሕመምተኞች ጋር ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ተራ ጠበቅሁ። ያ አግዳሚ እንዲህ ጠባብ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁሌም ከበሩ ወዲህ ሆኜ ነው የማየው። ልጅ የታቀፈች አንዲት እናት አተኩራ አይታኝ፣ «ሲስተር፣ አንቺም ትታመሚያለሽ እንዴ?» አለችኝ። ራቅ ብላ እንድትቀመጥ ነገርኳት። ቅር አላት።

ደረሰ ጫፏ ላይ ጥጥ ያላትን ረጅም ዘንግ አፍንጫዬ ውስጥ አስገብቶ አዞረ። ውጤቱ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሁለት መስመር ወጣ፤ ኮሮና ነው ማለት ነው። ደረሰ ጭንብሉን ከአገጩ ላይ ወደ አፍንጫው አነሳ።

«ሁለቱንም ወስደሽ የለ እንዴ?»

«ወስጃለሁ።»

«ይይዛል ሲባል ሰምቻለሁ። ሰው ላይ ሳየው ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።»

«ደረሰ፣ እባክህ ለሰው እንዳትናገር። የመስጊዱ ሴቶች ከሰሙ ለሁለተኛው አንዳቸውም አይመጡም።»

ደረሰ መዝገቡን ሳበ። «መዝገብ ላይ እጽፈዋለሁ፣ አፌን ግን እይዛለሁ። አንቺ ግን አብረሽ የበላሽውን፣ የቀረብሽውን ሁሉ ዛሬውኑ ንገሪ።»

ለሦስቱ ባልደረቦቼ ደወልኩ። እነሱም ተመረመሩ፣ አንዷ ተገኘባት። ለሐጃ ግን መንገር አልቻልኩም። ስልኩን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። «አያውቅዎትም» ብዬ የማልኩላቸው እኔ ነኝ። ራቢያ ጋ ደወልኩና «ወባ በርትቶብኛል፣ ለጥቂት ቀን ከቤት አልወጣም፣ እናንተም አትምጡ» አልኳት። ለሁለተኛው ዙር ስል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ግማሹ እውነት ነበር። ግማሹ ሐፍረት ነው።

ያን ማታ ሐጃን የወጋቸው ሰው አልነበረም። ራቢያ መርፌውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቴን ከፈትኩ። የእኔ መስኮትና የሐጃ በረንዳ ፊት ለፊት ናቸው፣ በመሀላቸው የማንጎው ዛፍ አለ። ጭንብል አድርጌ ተጣራሁ። ሐጃ ወጥተው ዱካ በሚሏት ትንሽ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፤ እንስራዋን ራቢያ አመጣች። ከመስኮት ሆኜ ማስተማር ጀመርኩ። ብልቃጡን በመዳፍዎ መሀል ቀስ አድርገው ያንከባሉት፣ አይናጡት። አየሩን ያስወጡ። እስከዚህ መስመር ድረስ ይሳቡ። ሆድዎን በሁለት ጣት ይቆንጥጡ። እያልኩ በመሀል ሳሉ ያቋርጠኛል። ሐጃ ግድግዳ ፈለጉ፣ በረንዳው ላይ ግን ፊታቸውን የሚያዞሩበት ግድግዳ የለም። መርፌውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሆዳቸውን ወጉ።

«ወጋሁ» አሉ፣ ራሳቸውም ሳያምኑ።

«ጎበዝ፣ ሐጃ። አሁን ቁርስ ይብሉ።»

አልተነሱም። መርፌውን ለራቢያ ሰጥተው ወደ እኔ ተመለከቱ።

«አንተ፣ እኔ ከልጅነት ጀምሮ ወባ ያመኛል። እናቴ አመመው፣ ባሌ አመመው። ማንም ሰው ወባ አመመኝ ብሎ ከእኔ ሸሽቶ አያውቅም። ወባ በትንኝ ነው የሚሄደው፣ ይህን አንተ ነህ ያስተማርከኝ። አንተ ለምን በመስኮት ታወራኛለህ?»

አማርኛቸው ይሰባበራል፣ አእምሯቸው ግን አይሰባበርም። «ኮሮና ነው፣ ሐጃ» አልኩ።

«መቼ አወቅክ?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ትናንት ወባ አልክ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም፣ ድምፃቸውንም አላነሱም። «ከእኔ ሳህን እየበላህ» ብቻ አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሐጃ ሲያስሉ ሰማሁ። ማክሰኞ ራቢያ መስኮቴ ሥር ቆማ ትንፋሻቸው እያጠራቸው መሆኑን ነገረችኝ። አንድ ሰዓት እንኳ እንዳትቆዪ አልኳት፤ ሆስፒታል ስትደርሺ ከኮሮና ሕመምተኛ ጋር አንድ ግቢ ነበሩ፣ ስኳርም አለባቸው፣ ብለሽ በግልጽ ተናገሪ፤ ወባ ነው ብሎ የሚመልስሽ ሰው ካለ እኔ ጋ ደውዪ። ባጃጅ መጣ። ሐጃ በራቢያ ተደግፈው ወጡ። በመስኮቴ ሲያልፉ ቀና አላሉም። ራቢያ ኢንሱሊኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ነበር።

የእኔም ሕመም የበረታው በእነዚያው ቀናት ነው። ከአልጋ እስከ በር ስሄድ አርፌ ነው የምደርሰው። በደረቴ ተኝቼ እተነፍሳለሁ፤ እንዲያ ሲተኙ ሳንባ ትንሽ ይፈታል። ደረሰ ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ በር ላይ ጥሎልኝ ሄደ፤ ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና ሦስት እያለ ቆየ እንጂ ከዚያ አልወረደም። ሲመሽ ፍርሃት ይመጣል። የምፈራው ግን የራሴን ሞት ብቻ አልነበረም። በረንዳው ባዶ ነው፣ ዱካቸው ብቻ ቀርቷል። እኚህ ሴትዮ ከሞቱ በኋላ ድኜ እዚህ ግቢ ውስጥ እንዴት እኖራለሁ?

ጌቱ በየቀኑ ይደውል ነበር። አንድ ቀን ሳያስብበት አመለጠው፤ «ታዲያ ያ ክትባት ምን ሠራ?» አለ።

ተናደድኩ። ከዚያ ግን የመናደጃ ጉልበት እንዳለኝ ሳይ ገረመኝ። «ምናልባት አሁን ከእኔ ጋር እያወራህ ያለኸው እሱ ሠርቶ ነው» አልኩት። ልምጣ አለ፤ ተው አልኩት።

በማግስቱ ራቢያ ልብስ ልትወስድ ከሆስፒታል መጥታ፣ በሩ ላይ የማሽላ ገንፎ ከባምያ ወጥ ጋር አስቀመጠችልኝ።

«እንዴት ናቸው?»

«ኦክስጅን ላይ ናት። ትናገራለች ግን።»

«ስለ እኔ ምን አሉ?»

ራቢያ መሬት መሬት አየች። «ስላንቺ ምንም አላለችም። ገንፎ አድርሺ ብቻ አለች።»

ገንፎው ምንም አልሸተተኝም፣ ምንም አልጣመኝም። ሳህኑን እስከ መጨረሻው ጠርጌ በላሁ፣ እያለቀስኩ።

ሐጃ በስምንተኛው ቀን ተመለሱ። ከስተው፣ ግን በእግራቸው። ያከማቸውን ሐኪም አውቀዋለሁና ደወልኩለት። የመጀመሪያው መርፌ አድኗቸው ይሆን ስለው፣ «ረድቷቸው ይሆናል። በዚህ ስኳር፣ በዚህ ዕድሜ፣ ከዚህ የባሰ ነበር የምጠብቀው። በእርግጠኝነት ግን ማንም አይነግርሽም» አለኝ። ይህን መልሱን ወደድኩለት። እኔ መጀመሪያ እንዲህ መናገር ነበረብኝ።

እኔም ድኜ፣ ዳግም ተመርምሬ ነጻ ሆኜ፣ ሐጃ ዘንድ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅሁ። «አላህ ይቅር ይበል» አሉኝ። የእሳቸውን ይቅርታ ግን አልጨመሩበትም። ጠዋት ኢንሱሊን ልወጋቸው ስመጣ እንስራዋ በረንዳው ላይ ናት፣ ወግተው ጨርሰዋል። ማታም እንደዚያው። እኔ ያስተማርኳቸውን ነገር ሁሉ አንድም ሳያጎድሉ ይሠራሉ፣ አየሩን ያስወጣሉ፣ ሆዳቸውን ይቆነጥጣሉ። ለስድስት ዓመት የለመድኩት ሥራ ቀረብኝ። እሳቸው ዘንድ የምገባበት ምክንያት አጣሁና ጠዋት ጠዋት ከሩቅ «እንዴት አደሩ» ብዬ ሥራዬ መግባት ጀመርኩ።

የሁለተኛው ዙር ቀን ደረሰ። የክትባቱ ቦታ መስጊዱ አጠገብ ያለው ዳስ ነበር። ሴቶቹ መጥተዋል፣ ግን ጠረጴዛው ጋ አልቀረቡም፤ ጥላው ውስጥ ተሰብስበው ያዩኛል። ወሬው ደርሷቸዋል። ከመካከላቸው አንዷ፣ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ ሴት፣ ወደ ፊት መጣች።

«ሲስተር፣ አንቺ ሁለቱንም ተወግተሽ ታመምሽ አሉ። እውነት ነው?»

አብሮኝ የመጣው የጤና ጣቢያው ኃላፊ በጆሮዬ፣ «ቀላል ጉንፋን ነው በያቸው» አለኝ። ክፉ አስቦ አልነበረም። እኔም ብሆን ከወር በፊት እንደዚያ እል ነበር።

«እውነት ነው» አልኩ። «ሁለቱንም ወስጄ ታምሜያለሁ። በጣም ታምሜያለሁ። ወባ ነው እያልኩ አምስት ቀን ያለ ጭንብል ዞርኩ። ሐጃ አሻን ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ ብዬ አምናለሁ። ካወቅሁ በኋላም ለአንድ ቀን ዋሸኋቸው። ክትባቱን ስትወስዱ ኮሮና አያውቃችሁም ያልኳችሁ ስህተት ነው። ሊይዛችሁ ይችላል። ከያዛችሁ ግን የመሞት ዕድላችሁን ይቀንሳል። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው።»

ሁለት ሴቶች ተነስተው ሄዱ፣ ከኋላቸው ሌላ ሦስት። ኃላፊው ተነፈሰ። እኔ የበረዶ ሳጥኑን ክዳን እያየሁ ቆምኩ።

ሐጃ መምጣታቸውን ያወቅሁት ሰዉ መንገድ ሲለቅ ነው። ከኋላ ቆመው ሰምተዋል። በራቢያ ክንድ ተደግፈው መጡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እጅጌያቸውን አልሰበሰቡም። ፊቴን አዩ።

«ይሄን ከተወጋሁ በኋላ እታመማለሁ?»

ያችው ጥያቄ ናት፣ ቃል በቃል።

«ሊያምዎት ይችላል፣ ሐጃ።»

«እሞታለሁ?»

«ይህ ዕድሉን ይቀንሰዋል። አይሞቱም ብዬ መማል ግን አልችልም።»

«ያኔ እንዲህ አላልክም።»

«አላልኩም።»

«ዛሬ አልክ» አሉ። እጅጌያቸውን እስከ ትከሻ ሰበሰቡ። «ኸላስ፣ ይበቃል። ውጋ።»

ጥጡን አልኮል ነክሬ ክንዳቸውን ጠረግሁ። ሽታው ገና በደንብ አልተመለሰልኝም ነበር፣ ትንሽ ትንሽ ግን ይሰማኝ ጀምሯል። ሐጃ ፊታቸውን አላዞሩም፤ መርፌው ሲገባ አዩት። በርበሬ ሻጯ ከኋላቸው ተራ ያዘች። ሐጃ ከመነሳታቸው በፊት ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ማታ ና» አሉኝ። «መርፌውን እኔ እወጋለሁ። አንተ ቁጭ ብለህ ትበላለህ።»